አለቃ የሌለው ወረፋ

ዱባይ ውስጥ ፈቃድ ባለው አንድ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ነው የምሠራው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሰው «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ብሎ ይጽፋል፣ እኛ ፈልገን እንመልሳለን። አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሐበሻ ደንበኛ ከመጣ ወደ እኔ ይመራል። ለዚህ ተብሎ ደሞዜ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ እሱን እንለፈው።

የማወራችሁ ስለ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024። ማክሰኞ ዕለት ኤሚሬትስ መመዝገብ ከጀመረችበት ከ1949 በፈረንጆቹ ወዲህ አይታው የማታውቀው ዝናብ ወረደ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ የበረራ ሰሌዳው ተመሰቃቀለ። በዚያው ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ትልቁ የክሪፕቶ ጉባኤ ቶክን 2049 እዚሁ ከተማ ነበር። የዓለም የክሪፕቶ ሰው ገና ባልደረቀ ከተማ ተሰብስቦ ስለ ወደፊቱ ገንዘብ ያወራል። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዳለፈ፣ የቢትኮይን ሃቪንግ ሆነ።

ለማያውቅ ሰው፦ ማይነሮች ማለት ዝውውሮችን በኮምፒውተር እያረጋገጡ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት ናቸው፤ ብሎክ የመዝገቡ አንድ ገጽ ነው። ሃቪንግ ማለት በየአራት ዓመቱ ገደማ ማይነሮች በአንድ ብሎክ የሚያገኙት አዲስ ቢትኮይን በግማሽ ሲቀነስ ነው። ያን ሌሊት በ840,000ኛው ብሎክ ላይ ከ6.25 ወደ 3.125 ወረደ። ይሄ ከዓመታት በፊት የታወቀ ነገር ስለሆነ ተዘጋጅተንበታል። ጉድ ያመጣብን ሩንስ ነው። ሩንስ በቢትኮይን መዝገብ ላይ የራስን ቶክን (ዲጂታል ሳንቲም) ስም አውጥቶ ለማስመዝገብ የሚያስችል አሠራር ሲሆን፣ የጀመረውም በዚያው ብሎክ ላይ ነው። ጥሩ ጥሩውን ስም ቀድሞ ለመያዝ ሰው ተጋፋ። ያ አንድ ብሎክ ብቻ ከ37 ቢትኮይን በላይ የዝውውር ክፍያ ሰበሰበ፤ በጊዜው ዋጋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዕለቱ አንድ ዝውውር በአማካይ ከ120 ዶላር በላይ አስከፍሏል። በቢትኮይን ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። የመልእክት ሳጥኑ ሞላ። የፈረቃ ኃላፊያችን ፊሊፒናዊት ናት፣ ጎበዝ ሴት። «የተዘጋጀውን መልስ ላኩ» አለችን። የተዘጋጀው መልስ «በኔትወርክ መጨናነቅ ምክንያት መዘግየት ሊኖር ስለሚችል በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ድሮም አልወደውም። ገንዘቡ ማን እጅ እንዳለ አይናገርም። ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጠዋት ላይ አንድ አባት ደወሉ። ሻርጃ ውስጥ የከባድ መኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዓርብ ማታ ከስልካቸው ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) 2,300 ዶላር ገደማ የሚሆን ቢትኮይን እኛ ጋ ወዳላቸው አካውንት ልከዋል። ወደ ድርሃም ቀይረው ለዕቃ አቅራቢያቸው ሰኞ ሊከፍሉ ነው።

«ስሚ ልጄ፣ ገንዘቤን ለምን ያዛችሁት?»

«ጋሼ፣ እኛ ጋ አልደረሰም።»

«ዋሌቱ ተልኳል ይላል እኮ!»

«ተልኳል። ግን ወረፋ ላይ ነው።»

«የማን ወረፋ? ኃላፊውን አገናኚኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ምክንያቱም ኃላፊ የለም። ቢትኮይን ያልተማከለ ነው ስንል በተግባር እንዲህ ማለት ነው። አንድ ዝውውር ሲላክ ማይነሮች ከሚያዩት መጠበቂያ ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ ገደማ ባለፈ ቁጥር አንድ ብሎክ ይዘጋል፣ ማይነሩም ለቦታው የተሻለ የሚከፍለውን ያስቀድማል። የማንም ስም፣ የማንም ችግር አይታይም። ጋሼ የከፈሉት ዝውውሩ ብሎኩ ላይ ለሚይዘው ቦታ፣ ለአንድ ባይት 30 ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ሳንቲም) ነበር፤ ለወትሮው ደህና ክፍያ ነው። ያን ሌሊት ግን ቶሎ ለመግባት ከ1,000 ሳቶሺ በላይ ይጠየቅ ነበር።

ልክፈለውና ይግባ አሉ። መብታቸው ነው፤ ብዙ ዋሌቶች የተላከን ነገር ክፍያውን ከፍ አድርጎ ዳግም ለመላክ ያስችላሉ። ስንት እንደሚመጣ አስልቼ ነገርኳቸው። ከ650 ዶላር በላይ።

ስልኩ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ «2,300 ለመላክ?» አሉኝ።

እኔም መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ለሌላ ሰው በዚያው ሰዓት 70 ዶላር አካባቢ ይበቃል። መዝገቡን ከፍቼ ሳየው ምክንያቱ ገባኝ። የጋሼ ገንዘብ አንድ ወጥ አይደለም። ከሌጎስም ከኪንሻሳም ያሉ ደንበኞቻቸው ለፍሬንና ለፊልትሮ ጥቂት በጥቂት የላኩላቸው አሥራ አምስት ቁርጥራጭ ነው። ዋሌቱ ላይ ተደምሮ አንድ ቁጥር ሆኖ ይታያል እንጂ መዝገቡ ላይ አልተቀላቀለም። ሲላክ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ፊርማ ይፈልጋል፣ የየራሱን ቦታ ይይዛል። ተደምሮ 1,060 ባይት አካባቢ ሆነ። ክፍያው ደግሞ የሚሰላው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። 4 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ቁራጭ የያዘ ሰው ከጋሼ በጣም ያነሰ ይከፍላል።

እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ መገናኛ ላይ በዝናብ ማታ ታክሲ ጠብቀው ያውቃሉ? አንዲት ሚኒባስ መጣች እንበል። ረዳቱ የሚያየው ማን የበለጠ እንደሚከፍል ነው። እርስዎ ደግሞ አሥራ አምስት ጆንያ ይዘዋል።»

«ታዲያ ለምን ትልቅ አውቶቡስ አያመጡም?» አሉኝ።

የዓለም የቢትኮይን ሰው በፈረንጆቹ ከ2015 እስከ 2017 የተናቆረበትን ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ጠየቁኝ። ብሎኩ ይስፋ ያሉ ነበሩ። ከሰፋ መዝገቡ ይገዝፋል፣ መዝገቡን በቤቱ ኮምፒውተር ይዞ የሚያረጋግጥ ተራ ሰው ይጠፋል፣ ነገሩ ጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ይወድቃል ያሉም ነበሩ። በነሐሴ 2017 በፈረንጆቹ ተለያዩ፤ ትልቅ ብሎክ የፈለጉት ቢትኮይን ካሽን ይዘው ሄዱ። የቀረው ቢትኮይን ብሎኩ ጠባብ እንደሆነ ቆየ። በእርግጥም ሙሉው መዝገብ በዚያ ሚያዝያ ከ500 ጊጋባይት ብዙም ያልራቀ ነበር፤ ደህና ላፕቶፕ ይችለዋል። ማለትም ቦታው የጠበበው ማንም አለቃ እንዳይሆን ነው። የጋሼ ሂሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ይህን በሙሉ በስልክ አልነገርኳቸውም፤ «ሆን ብለው ነው ጠባብ ያደረጉት» ብቻ አልኳቸው። «ደግ አላደረጉም» አሉ።

ለመጠበቅ ወሰኑ። ለአቅራቢው ሰኞ የሚከፍሉትን ከአንድ የዕቁብ ጓደኛቸው ተበደሩ።

እሑድ ማታ ደግሞ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ «ዝውውሩን አፈጥንልዎታለሁ፣ የዋሌቱን አሥራ ሁለት ቃላት ብቻ ይላኩልኝ» ብሏቸዋል። ከወንበሬ ተነሳሁ። እነዚያ ቃላት ዋሌቱ ራሱ ናቸው፤ የሰጠ ሰው ዋሌቱን ሰጠ። ክፍያ በናረ ቁጥር እንዲህ ያሉ አፍጣኞች እንደ አሸን ይፈላሉ። እንዳይልኩ ደጋግሜ ነገርኳቸው። «ምንም ባያደርጉ እንኳ አይጠፋም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ኔትወርኩ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ሁለት ሳምንት ያልገባን ዝውውር ከመጠበቂያው ያስወጡታል። ያኔ ገንዘቡ ድሮም ከዋሌቱ ስላልወጣ እንደገና መላክ ይቻላል።

እዚያ ድረስ አልሄደም። የሩንስ ግርግር ከእሑድ ጀምሮ ቀዝቀዝ አለ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ገንዘቡ ገባ። ደውዬ አበሰርኳቸው። መረቁኝ።

ምርቃቱ ሳይደርቅ የራሳችን የቁጥጥር ክፍል ገንዘቡን ያዘው።

ከአሥራ አምስቱ ቁራጭ አንዱ የመጣበት አድራሻ ሲስተሙ ላይ ቀይ መብራት አበራ። ገንዘቡ ከግል ዋሌት የመጣ ነው፣ ከ3,500 ድርሃምም ይበልጣል። ከዚያ መጠን በላይ ከሆነ የዱባይ ተቆጣጣሪ ላኪና ተቀባይ ማን እንደሆኑ እንድናውቅ ያስገድደናል። ሕጉ የዱባይ ብቻም አይደለም፤ በገንዘብ ማጠብ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል በ2019 በፈረንጆቹ ያወጣው መመሪያ ነው፣ አገሮች መጠኑን እየለያዩ ተቀብለውታል። ጉዳዩን የያዘችው ከሕንድ፣ የኬረላ ልጅ ናት። ቆፍጣና ናት፣ ሳትጠይቅ የምታሳልፈው ነገር የለም። ለጋሼ መልእክት ላከች፦ እነዚህ ገንዘቦች ለምን እንደተላኩ የሚያሳይ ሰነድ ያምጡ።

ስድብ ነው የጠበቅሁት። ብዙ ደንበኛ እዚህ ጋ ነው የሚፈነዳው፤ «ክሪፕቶ ነፃነት ነው ተብሎ!» ይላል። እውነትም አለው። ሕግ ከብሎኩ ውስጥ ገብቶ ማንንም ማስቆም አይችልም። የሚቆመው ክሪፕቶ ድርሃም በሚሆንበት በር ላይ ነው፣ በሩ ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ የመንግሥት ጥርጣሬ ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል፣ ወጪውም እኛ በምንቆርጠው ኮሚሽን ላይ ይጫናል።

ጋሼ ግን ስሚልኝም ልብ አድርጊልኝም ሳይሉ ቢሮ ድረስ መጡ። በፌስታል የታጨቀ ደረሰኝ ይዘዋል። የፍሬን ሸራ፣ የክላች ዲስክ፣ የዘይት ፊልትሮ፤ ሁሉም ቀንና ስም አለው። ከኬረላዋ ልጅ ፊት ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አስረዱ፣ እኔ አስተረጎምኩ። ቀይ መብራት ያበራው አድራሻ የአንድ የኪንሻሳ ደንበኛ ነበር፤ ሰውየው ከመንደር መንዛሪ ገዝቶ ነው የላከላቸው። ልጅቷ ጻፈች፣ ፎቶ አነሳች፣ ጥያቄ ጠየቀች። በማግሥቱ ተለቀቀ።

ሲወጡ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «ከዚያ ወረፋ ይቺ ልጅ ትሻለኛለች፣ ቢያንስ ተጣልቼ እታረቃታለሁ» አሉኝ።

በዚያው «ርካሽ መንገድ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ፤ ዱባይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ቴዘር የሚባለው ሳንቲም፣ ትሮን በሚባለው ሌላ ኔትወርክ። ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል፣ መላኪያው በጥቂት ዶላር ያልቃል፣ ወዲያው ይደርሳል። ግን ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ነገርኳቸው። ትሮን ላይ ብሎክ የሚዘጉት ተመርጠው የተቀመጡ 27 ናቸው። ቴዘርን የሚያወጣው ደግሞ አንድ ኩባንያ ነው፤ ከፈለገ ወይም ሕግ አስከባሪ ከጠየቀው የአንድን አድራሻ ገንዘብ ማገድ ይችላል፣ በተደጋጋሚም አድርጎታል። ያ የኪንሻሳ ሰው ከመንደር መንዛሪ የገዛው ቴዘር ቢሆን ኖሮ፣ እገዳው ከእኛ ቢሮ ሳይሆን ከዚያ ኩባንያ ይመጣ ነበር። ለዚያ ደግሞ ደረሰኝ በፌስታል ይዘው የሚሄዱበት ወንበር ሻርጃም ዱባይም የለም።

በእኔ ግምት ለሳምንታዊ ንግዳቸው ቴዘሩ ይሻላቸዋል፣ ለሚያጠራቅሙት ቢትኮይኑ። ይህን ያልኳቸው ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው፤ በሥራ ሰዓት ምክር መስጠት አይፈቀድልንም።

የአዲስ አበባ ደንበኞቻቸውንም አነሱብኝ። እነሱስ እንዲህ ቢከፍሉ? አይሆንም አልኳቸው፤ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በፈረንጆቹ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። እዚያው አገር ማይነሮች መብራት በዶላር እየገዙ ቢትኮይን ያመርታሉ፤ እሱን ለመግለጽ ሌላ ቀጠሮ ያስፈልገናል ብያቸው ሳቅን።

እኛ ክፍል የተቀየረ ነገር ቢኖር የመልሱ አጻጻፍ ነው። ለኃላፊያችን ሐሳቡን አቀረብኩ፣ ተቀበለችው። አሁን የምንልከው የመጀመሪያ መስመር ገንዘቡ ያለው ኔትወርኩ ላይ ነው ወይስ እኛ ጋ ነው የሚለውን ይናገራል። ኔትወርኩ ላይ ከሆነ ዝውውሩ ስንት ባይት እንደሆነና ስንት እንደተከፈለበት እንጽፋለን። እኛ ጋ ከሆነ ምን ሰነድ እንደሚፈለግ። ስልክ መደወሉ አልቀረም፣ ጩኸቱ ግን ቀንሷል።

ጋሼ ቢትኮይኑን አልተዉትም። ነሐሴ ላይ እንደገና ያንኑ ያህል ቁርጥራጭ ተጠራቅሞባቸው ደወሉ። ክፍያው ለአንድ ባይት 4 ሳቶሺ አካባቢ ወርዶ ነበር። አሁኑኑ ሁሉንም ለራስዎ ይላኩት፣ አንድ ቁራጭ ይሆናል አልኳቸው። ላኩት። ያ 650 ዶላር የተጠየቁበት ክብደት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ፈጀ።

«ደረሰኙንስ?» አልኳቸው።

«ለኬረላዋ ልጅ ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ አታስቢ» አሉኝ።