ስምንት መቀነስ ብቻ አይበቃም፦ በሐዋሳ የሴቶችን ታሪክ በፓነል ስናቆም

ለማርች 8 በትምህርት ቤት ግቢ የብርቱ ሴቶችን ታሪክ በፓነል ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡት። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ፓነል አቁሜያለሁ። ከእ.ኤ.አ. ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር የተሳሳትኳቸው አራት ዓመተ ምሕረትና ሌላ አንድ ቃል ይዞ ነው የቆመው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የነገረኝ የግቢው ጥበቃ ነው፣ እሱም ከተሰቀለ በኋላ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። የአንዱ ፓነል የሚታየው ክፍል 80 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው። ባነሩ በሞራሌ ፍሬም ላይ ተወጥሮ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ በአራቱም ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፋይሉ 90 በ190 ይሆናል። ማተሚያ ቤት የሚያስከፍለው በካሬ ነው፣ የሚታጠፈውንም ይቆጥራል። ስድስቱ 8.64 ካሬ ሳይሆን 10.26 ካሬ ነው የሚመጡት፤ በጀት ስትጠይቁ ሁለተኛውን ቁጥር ጻፉ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እስክታነቡት ይቀየራል። ፎቶ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ከተፈለገ ቢያንስ 2,400 ፒክሰል ይሁን። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርስና ፊቱ ይደበዝዛል።

ጽሑፉ ከ90 ቃል አይብለጥ። የፊደሉ መጠን ከ40 አይነስ። ከሥር ለሚገባው የሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ትርጉም የላቲን ፊደል ስለሆነ 32 ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ መጠን ሁለት ሜትር ርቆ ለቆመ ተማሪ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያ ይጠፋበታል።

ፎንት ደግሞ አለ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ ፎንት ከሌለ አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። ፓወር ግእዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነም ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ፣ ማለትም ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጋችሁ፣ በፒዲኤፍ ማስረከብ። ይህ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አይታረምም። ያልተቀየረውን ፋይል ለብቻ አስቀምጡት፤ ለምን እንደምለው ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ሴቶቹን እንዴት እንደጻፍናቸው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ ከተሰጠን መመሪያ ጋር አልስማማም። የተሰጠን ቅጽ “የደረሰባት ችግር” የሚል ሰፊ ሳጥን ከላይ፣ “ያገኘችው ውጤት” የሚል ጠባብ ሳጥን ከታች ነበረው። ገለበጥኩት። ከ90 ቃል ውስጥ ለመከራው 20፣ ለሠራችው 70። መከራው ሲበዛ ተማሪ “ምስኪን” ብሎ ያልፋል። በመከራውና በሽልማቱ መሃል ያለውን ሥራ ነው ማየት ያለበት።

የቦጋለች ገብሬን ውሰዱ። ከምባታ ተወልደው፣ ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ብዙ ሰው በሴት ልጅ ግርዛት ላይ ያደረጉትን ትግል ብቻ ጽፎ ያቆማል። እኔ የድልድዩን ነገር ነው ያስቀደምኩት። ቤተ ክርስቲያን ገብተው ስለ ኤች አይ ቪ ሲናገሩ ሽማግሌዎቹ “እኛ የቸገረን ድልድይ ነው፣ ልጆቻችን ወንዙን ተሻግረው ትምህርት ቤት መሄድ አልቻሉም” አሏቸው። መጀመሪያ ድልድዩን አሠሩ። ማኅበረሰቡ ስለ ግርዛት ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን የምታነብ ተማሪ የምትይዘው አንድ ስልት አለ፤ ሰው የቸገረውን ሳትሰማ የራስህን ጉዳይ አታስቀድም።

የማሚቱ ጋሼም እንደዚሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከአራት ቀን ምጥ በኋላ ፊስቱላ ደርሶባቸው አዲስ አበባ ባልና ሚስቱ ዶክተር ሃምሊኖች ዘንድ መጡ፤ ያኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ላይ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎ እያዩ መስፋት፣ በመጨረሻም ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ፓነሉ ላይ ይህን እንደ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ነው የደረደርነው። የታማሚ ፎቶ ፈጽሞ አላስገባንም። እናንተም አታስገቡ፤ ከእኛ ብዙ የማይርቀው ይርጋለም የሃምሊን ማዕከል አለ፣ ከተማሪዎቹ መሃል እናቷ ወይም አክስቷ እዚያ የታከመች ልትኖር ትችላለች።

የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ የመሠረቱትን የአበበች ጎበናን ታሪክ ከግሸን ማርያም ጉዞ ይዘዋቸው በተመለሱት ሁለት ልጆች ጀመርነው፤ በዓመት ውስጥ 21 ሆነው ነበር። ባላቸው አልተስማሙም፣ ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ወጡ። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች፤ ሻሸመኔ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ በኋላ የሕግ ባለሙያ ሆነች። የእሷ ፓነል ላይ ብሬል ለጥፈናል፣ ከመሬት 120 ሳንቲ ሜትር ላይ። ከዚያ በላይ ከሆነ እጅ ይዝላል። ሯጮቹ ደራርቱ ቱሉና ፋጡማ ሮባ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ቁስሉ።

ረቂቁን ስጽፍ ውጭ አገር የተደረገውን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነበር ያስቀመጥኩት። ለማሳተም ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም ካላደረገ አይታተምም፤ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነገር አረሙ። አንደኛው “እ.ኤ.አ. ለተማሪ አይገባም፣ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ይሁን” የሚል ነው። እንዴት ብዬ ስጠይቅ “ስምንት መቀነስ ነው፣ ምን ያስቸግራል?” አሉኝ። ሁለተኛው ስለ ደራርቱ “ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ” ከሚለው ላይ “ጥቁር” የሚለውን መሰረዝ ነው። ያስቀይማል ተባለ።

ቃሉ ግን ለማስቀየም አልገባም። ከደራርቱ ስምንት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋኪል በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች። እኛ በዚያ ኦሎምፒክ አልተካፈልንም፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን አናስታውሳትም። “ጥቁር” ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ሆነ። ይህን እያወቅሁ ማህተሙን ፈልጌ ዝም አልኩ። ይኼኛው የእኔ ጥፋት ነው።

ዓመቶቹን ደግሞ ኤክሴል ላይ ደርድሬ፣ “ሲቀነስ 8” የሚል ቀመር አንዴ ጽፌ ወደ ታች ጎተትኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለማረጋገጥ ሁለቱን ፈተሽኩ። የደራርቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ድል ኦገስት 7 ቀን 1992 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1984፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። ልክ ነው። የፋጡማ የአትላንታ ኦሎምፒክ ድል ጁላይ 28 ቀን 1996፣ በእኛ ሐምሌ 21 ቀን 1988። ይህም ልክ። ሁለቱ ልክ ሲሆኑ ሌላውን ማየት ተውኩ። ሁለቱም ክረምት ላይ የተደረጉ ስለነበሩ ነው ልክ የሆኑት፤ ይህ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ፓነሎቹ በቆሙ ማግስት ጠዋት የግቢው ጥበቃ የደራርቱ ፊት ቆሞ ቆይቶ ጠራኝ። “ይሄ ሲድኒ የሚለው ልክ አይደለም” አለኝ። “ያኔ እኮ ደመራው ተቃጥሎ፣ መስቀል አልፎ ነበር። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ያሸነፈች፣ እንዴት አድርጋ 1992 ላይ ትገኛለች?”

እውነቱን ነው። ደራርቱ በሲድኒ ኦሎምፒክ ያሸነፈችበት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2000 በእኛ መስከረም 20 ቀን 1993 ነው። ቢሮ ገብቼ ሁሉንም በየቀኑ ስፈትሽ ተራ በተራ ወጡ። የደራርቱ የኒውዮርክ ማራቶን ድል ኖቬምበር 1 ቀን 2009 ነው፤ 2001 ብዬ የጻፍኩት 2002 ነበር። ቦጋለች ያረፉት ኖቬምበር 2 ቀን 2019 ነው፤ ጥቅምት 22 ቀን 2012 እንጂ 2011 አይደለም። የትነበርሽ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወራት ስለሆነ 2010 ነው፣ እኔ 2009 ብያለሁ። በሦስት ፓነል አራት ስህተት።

ሕጉን እዚህ ልጻፈው፣ ማንም ቢሮ ለጥፎት ስላላየሁ። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22፣ የሚቀነሰው 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። መስከረም 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች 12 ላይ። ስለዚህ ወሩንና ቀኑን ሳታውቁ ዓመቱን መቀየር አትችሉም። የቦጋለችን ድርጅት መመሥረቻ ዓመቱን እንጂ ወሩን ካልያዛችሁ “1989/90” ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም በእ.ኤ.አ. ተዉት። ተማሪ እ.ኤ.አ. አይገባውም የሚለውን አልቀበልም፤ ታሪክ ፈተናው ላይ የሚመጣው በእሱ ነው። ለዋናው ክስተት ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማድረግ ይሻላል። አንድ መስመር ነው የሚጨምረው።

ስህተቱን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። “ማህተማችን ቅርጹን እንጂ ይዘቱን አይመለከትም” አሉኝ። በቀይ እስክሪብቶ የታረመው ግን ይዘቱ ነበር። ለድጋሚ ማሳተሚያም ከእነሱ ሳንቲም አልተገኘም።

ስለዚህ ስቲከር። ነጭ ስቲከር ላይ ትክክለኛውን ቁጥር አሳትሜ ለጠፍኩ። የባነሩ ነጭ ወደ ግራጫ ያዘነብላል፣ የስቲከሩ ወደ ሰማያዊ፤ ከሩቅ እንደ ፕላስተር ያስታውቃል። ቁጥሩን ብቻ ከመቁረጥ ሙሉ መስመሩን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ባለ ቀለም መደብ አድርጋችሁ ብትለጥፉ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ይህን የተረዳሁት ሦስተኛው ላይ ስደርስ ነው። ማዕዘኖቹንም ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሹል ማዕዘን በፀሐይ ቶሎ ይላጣል። “ጥቁር” የሚለውን ቃል በዚያው መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ያለ ማህተም።

ለወደፊቱ የምሠራበት አራት ዓምድ ያለው ወረቀት አለኝ፦ ክስተቱ፣ ሙሉ ቀኑ በእ.ኤ.አ.፣ ሙሉ ቀኑ በእኛ፣ የተገኘበት ቦታ። ሁለተኛ ሰው ሦስተኛውን ዓምድ ሳያይ ራሱ ያሰላዋል። እነዚያ ዓመታት በደንብ የሚታወሱት አንድ ትልቅ ሰውም ያንብበው።

ስለ መትከሉ፦ ፍሬሙ ባጃጅ አይገባም፣ ባለ ሦስት እግር ጭነት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል፤ በየእግሩ ግማሽ ድረስ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫኑ። ነፋስ እንዲያልፍ ባነሩን ብጡት የሚል ምክር ትሰማላችሁ፣ አትስሙ፤ ከብጣቱ ጀምሮ ነው የሚቀደደው። ዕለቱንም ቢሆን ከማርች 8 አርቁት። የካቲት 23 አድዋ፣ የካቲት 29 ማርች 8፤ በዚያ ሳምንት ማተሚያ ቤት የእናንተን ማረሚያ የሚያይበት ዓይን የለውም። መመሪያው በዕለቱ ይመረቅ ይላል፤ እኔ ግን ሚያዝያ ላይ ብታደርጉት እላለሁ።

ሲነሡ ባነሩን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲሆን ጠቅልሉት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይሸበሸባል። የእኛ ሦስቱ እንዲህ ተጠቅልለው መጋዘን ገብተዋል። ስቲከር ያለባቸው ሦስቱ ግን ሲጠቀለሉ ይላጣሉ፤ እነሱ ከነፍሬማቸው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆመዋል።