ኮር አይ ፋይቭ፣ ግን የትኛው?

የምሠራው ገላን አካባቢ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገድ መግቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ። አይቲ ክፍል የሚባለው እኔና አንድ ልጅ ነን። ኔትወርኩም፣ ፕሪንተሩም፣ ካሜራውም፣ የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተርም ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

ዓምና ለቢሮና ለመጋዘን ኮምፒውተር ይገዛ ተባለ። ግዢ ክፍሉ እንደተለመደው ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። መስፈርቱ ከድሮ ፋይል የተቀዳ ነበር፦ ዴስክቶፕ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። በዋጋ ዝቅ ያለው አሸነፈ። ወረቀቱ በእኛ ክፍል አላለፈም። ነገሩን የሰማነው ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ግቢ ሲገባ ነው።

የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕቃ ሳያዩ የማይፈርሙ ሰው ናቸው። አስጠሩኝና «ካርቶኑ አዲስ ነው፤ ውስጡን ግን አንተ እይልኝ» አሉኝ።

አንዱን አወጣነው። ላዩ ተወልውሎ ያበራል። ጎኑ ላይ ግን የዊንዶውስ 7 ስቲከር አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው እኮ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ነው። ክዳኑን ከፈትኩት። የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ የሚያሰላው ዋና ቺፕ፣ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሀል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ራሙ ዲዲአር3 የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። አብርተን ስናየው ፕሮሰሰሩ አይ5-3470 ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሳሁና ሃርድ ዲስኩን አየሁ። የሠራበት ሰዓት ከ31 ሺህ በላይ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ ዲስክ የሚቆጥረው 8,760 ሰዓት ነው። ይሄኛው እንግዲህ ያለ ዕረፍት ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ የዞረ ነው። በቢሮ ሰዓት ካሰላነው ደግሞ አሥር ዓመት ያልፈዋል።

ዕቃውን ያመጣው ነጋዴ አልተደናገጠም። «ኮር አይ ፋይቭ አላላችሁም? ይኸው ኮር አይ ፋይቭ። 4 ጊጋም ይኸው። 500 ጊጋም ይኸው» አለ። እውነቱን ነው። ወረቀቱ ላይ «አዲስ» የሚል ቃል እንኳን አልነበረም። ሰውየው የተጻፈውን ነው ያመጣው።

ጋሼ እስክሪብቶአቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ክፍያው ገና ስላልተፈጸመ ለመነጋገር ጊዜ ነበረን። የግዢ ኃላፊያችን ግን ተናዶ ነበር፤ እኔ ሥራውን ለማበላሸት የመጣሁ ነው የመሰለው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ያኔ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው እዚችው ላይ ነውና።

ኮር አይ ፋይቭ የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያን ጊዜ የወጣውም አይ ፋይቭ ነው፣ ከዓመታት በኋላ የወጣውም አይ ፋይቭ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 3470 ሲል 3ኛ ጀነሬሽን፣ 3ኛ ትውልድ ማለት ነው። 8500 ሲል 8ኛ። 10400 ሲል 10ኛ። አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን ብሎ ማወዳደር የሚያዋጣው አንድ ጀነሬሽን ውስጥ ነው። በ2020 የወጣው አይ3-10100 አራት ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በሏቸው) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው። የእኛ አይ5-3470 አራት ኮርና አራት ትሬድ ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ኮርም የድሮ ዘመን ሥራ ነው። አይ ስሪው ጥሎት ይሄዳል።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይብሳል። አይ7-6600ዩ የሚባለው ሁለት ኮር ነው። አይ5-8250ዩ አራት። ገበያ ላይ ግን «አይ ሰቨን» የሚለው ስቲከር ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል። ሰው በደስታ ይከፍላል፣ ቤቱ ሲገባ ደካማውን ይዞ ነው የገባው። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ራይዘን የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ለሚገዛ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። 5500ዩ እና 5600ዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን አንዱ ዜን 2 የሚባለው የቀደመው ንድፍ፣ ሌላው ዜን 3 የሚባለው የኋለኛው ንድፍ ነው። ሙሉ ቁጥሩን ጽፎ ስልክ ላይ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የግዢ ኃላፊያችን ልቡ የተመለሰው በሌላ ነገር ነው። ዊንዶውስ 11ን ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበልላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ይጀምራሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያበቃ ወራት ቀርተውት ነበር። የሒሳብ ክፍላችን በየቀኑ የባንክ ገጽ ከፍቶ ነው ገንዘብ የሚያስተላልፈው። የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ኮምፒውተር ላይ ያን ሥራ ማስቀመጥ የማይሆን ነገር ነው። «ይሄንን ለምን ቀድማችሁ አትነግሩንም?» አለ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ግዢ ወረቀት በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው።

ነጋዴው ደንበኝነታችንን ማጣት አልፈለገም። የቢሮዎቹን በ8ኛ ጀነሬሽን ቀየረልን፤ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማስቀመጫ) ያላቸው፣ ያገለገሉ ግን ንጹሕ ናቸው። የዋጋውን ልዩነት ከፈልን፣ ቁጥራቸውንም ቀነስን። ከአሮጌዎቹ የተወሰኑትን እንድናስቀር ያሳሰብኩት እኔ ነኝ። ሚዛን ቤቱ የመኪና ክብደት ከመመዝገብ ውጪ ሥራ የለውም፤ ኢንተርኔትም አይገባበትም። መጋዘኑም ገቢና ወጪ ብቻ ነው የሚጽፈው። ሃርድ ዲስካቸውን አውጥተን ኤስኤስዲ አስገባንላቸው፣ በቃ። የሚዛን ቤቱ ልጅ ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርቶ ሻይ ሊጠጣ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስ እንኳን ገና እየተነሳ ይጠብቀዋል። አሁን ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ይከፈትለታል። ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለማንበብ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ አለበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ታስክ ማናጀር የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት እንዲከፍት ነው የምነግረው። ዲስክ የሚለው መቶ በመቶ ላይ ተቸክሎ ከቆመ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት ዲስኩን ይቀይር።

መስፈርቱንም እንደገና ጻፍነው። ፕሮሰሰር 8ኛ ጀነሬሽን ወይም በላይ፣ ሙሉ ቁጥሩ ፕሮፎርማው ላይ ይጠቀስ። ራም 8 ጊጋ ሆኖ ባዶ ማስገቢያ ይኑረው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ ይገለጽ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ያስጨመሩት ጋሼ ናቸው፦ ዕቃው ተከፍቶ ሳይታይ ርክክብ አይፈጸምም።

ወሬው ግቢውን ሲያዳርስ የግል ጥያቄው ጎረፈ። ሻይ ሰዓት ላይ «ወንድሜ አንዴ» ሳልባል የዋልኩበት ቀን የለም። «1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል ወይስ 256 ኤስኤስዲ?» ኤስኤስዲው። ፊልምና ፎቶ ለብቻው ውጫዊ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። «ራም ስንት?» ለዎርድ፣ ለኤክሴል፣ ለሒሳብ ፕሮግራሙ ለፒችትሪና ለቴሌግራም 8 ይበቃል። ክሮም ላይ ሠላሳ ገጽ ከፍቶ የሚውል ሰው ግን 16 ያስብ።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ያነሱት ጥያቄ ከሁሉም ጠቃሚ ነበር። «ልጄ፣ ለቤቴ ዴስክቶፕ ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?» የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስም አንዳንዴ ይዘላል። ዴስክቶፕ በዚያው ዋጋ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፣ ለጥገናም ይመቻል። ግን የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባለ ባትሪ መሣሪያ) ዋጋ አብሮ ካልታሰበ ሒሳቡ የተሳሳተ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ለእሳቸው ላፕቶፕ አልኳቸው።

ስለ ዩፒኤስ እዚሁ ፋብሪካ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትልልቆቹ ሞተሮች ሲነሱ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባሉ። በዚያች ቅጽበት የቢሮው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፣ ዩፒኤሶቹ ሁሉ ይጮኻሉ። አንዱ ቢሮ ውስጥ ግን ዩፒኤሱ በየጊዜው ጭራሽ እየጠፋ ኮምፒውተሩን ይዞት ይወድቅ ነበር። ባትሪው ሞቷል ተብሎ ሊቀየር ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን ስከተል የሌዘር ፕሪንተሩ እሱ ላይ ተሰክቷል። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ማሞቂያው ሲነሳ ብዙ መቶ ዋት ይጎትታል። 650 ቪኤ የሚል ትንሽ ዩፒኤስ ደግሞ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ 400 ዋት እንኳን አይሞሉም። ፕሪንተሩን ነቅለን ግድግዳው ላይ ሰካነው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቢሮ ስልክ አልተደወለልንም።

ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የአንድ የጥበቃ ባልደረባችን ጉዳይ ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሲቪል ምሕንድስና ደርሷታል። የዕቁብ ብር ወጥቶላቸው መገናኛ አንድ ላፕቶፕ አይተዋል። ያልተከፈተ፣ ከነፕላስቲኩ። በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ አሳዩኝ፦ ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫ። «አዲስ ነው እኮ፣ ያገለገለ ከምገዛላት» አሉኝ።

አባት ለልጁ አዲስ መግዛት መፈለጉ ምን ያስደንቃል? ግን እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ሴሌሮኑ ሁለት ኮር ነው። እንዲህ ባሉ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ራሙና ማስቀመጫው ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ ኋላ ልጨምር ቢሉ አይጨመርም። 64 ጊጋውን ዊንዶውስ ራሱና ማሻሻያው ያጣብቡታል። መሐንዲሶች የሚሥሉበት ፕሮግራም፣ የቅርብ ዓመታት ኦቶካድ ደግሞ ዝቅተኛው ራም 8 ጊጋ ነው ይላል። ዎርድ ለሚጽፍ ተማሪ ያ ላፕቶፕ ይሆናል። እሷ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቸገራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አብረን መገናኛ ሄድን። በዚያው ብር ከቢሮ ሥራ የወጣ፣ 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ አገኘን። ሻጩ «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ብሎ ሊያስጨምር ሞከረ። ታስክ ማናጀር ከፍቼ አሳየሁት፤ ያ 4 ጊጋ ከራሙ የሚበደረው የጋራ ሜሞሪ ነው፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዋጋውን መልሶ አወረደው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርቷ እንደ ኦቶካድ ላለ የሁለት አቅጣጫ ሥዕል ይበቃታል፤ የህንጻ ምስል በሦስት አቅጣጫ የሚያሳምሩት እንደ ሉሚየን ያሉት ሲመጡ ነው የራሱ ካርድ ያለው የሚያስፈልጋት።

ከዚያ ፍተሻ። አጥፍቼ አስነሳሁና ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገባሁ። ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ባዮሳቸው በፓስወርድ የተቆለፈ ነው፤ እሱን አለማየት ኋላ ያስለቅሳል። ኖትፓድ ከፍቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ነጭ ገጽ ከፍቼ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ፈለግሁ። ዩኤስቢዎቹን ሁሉ በፍላሽ ሞከርኩ። የባትሪ ሪፖርት አስወጣሁ፦ ሲሠራ 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን 38 ሺህ ይይዛል። ሦስት አራተኛው አለ ማለት ነው፤ ላገለገለ ዕቃ ጥሩ ነው። አባት አጠገቤ ቆመው አንዲት ነገር አላለፈቻቸውም። እያንዳንዷን «ይሄስ ለምንድን ነው?» እያሉ ጠየቁኝ። ባለሱቁ ደረሰኝ ሲጽፍ ሙሉ ቁጥሩን እንዲጽፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም በአንድ ማስገቢያ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛው ባዶ ነው። ብር ሲተርፋቸው ሌላ 8 ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ እገጥምላታለሁ፤ የሚያስፈልገው ዲዲአር4 መሆኑን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።