ውኃውም ፊቱም እንደ መልኩ

ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡብ ጫፍ ነው። ጣና ዳር ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ከከተማው ዳርቻ ቆመን ሐይቁን ስናይ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ በበጋ፣ ረፋዱ ላይ፣ ብርሃኑ ከኋላችን መጥቶ ታንኳው ላይ ያርፋል። ቀዛፊው፣ የጫነው እንጨት፣ የደረቀው ደንገል፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። የታንኳውን ጥቁር ቅርጽ ብቻ የሚፈልግ በማለዳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓባይ መውጫ በኩል ይዙር። ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቶሎ ከፍ ትላለች። ያ ለስላሳ ብርሃን ሲያልፍ ዓይናችን እያየ ነው የሚያልፈው።

ሙያዬ ሌላ ነው። ካሜራ የምይዘው ከሥራ በፊትና ቅዳሜና እሑድ ነው። የጀመርኩት በአንድ ያገለገለ ካሜራና በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ሩቁን አያቀርብም። ሰው ለማንሳት መጠጋት ግድ ነው። ለመጠጋት ደግሞ ሰላምታ ይቀድማል። «እንዴት አደሩ» ሳይሉ ሰው ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ሌንሱ ይህን ነውር እንዳልፈጽም ስለሚያስገድደኝ እስካሁን አልቀየርኩትም።

አንድ ጠዋት ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት አገኘሁ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፤ አንቺስ?»

ላነሳቸው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። እጃቸው ከመረቡ ሳይለይ፣ «ማንሳቱንስ ታነሺኛለሽ። እኛ ግን አናየውም። ስንቱ አንስቶን ሄደ!» አሉኝ።

ይህ ንግግር ፎቶ የማነሳበትን መንገድ ቀየረው። ፎቶውን አሳትሜ የምሰጥ ከሆነ፣ ሰውየው አይቶት «ይህማ እኔ ነኝ» ማለት አለበት። ልጆቹም ሊያውቁት ይገባል። ከዚያ ወዲህ የፊት ቀለም ዋና ጉዳዬ ሆነ።

ጣና ዳር ደግሞ የፊት ቀለም አስቸጋሪ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ከሰውየው ጀርባ የሚያብረቀርቅ ውኃ ሲኖር «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ጠይም ፊት ከሰል ይመስላል። ነጠላ ከተጨመረ ባሰ። ውኃው ያበራል፣ ነጠላው ያበራል፣ መሐል ላይ ያለው ፊት ይጠፋል። እኔ የብርሃን ልኬቱን በመላው ምስል ላይ ሳይሆን በአንድ ነጥብ፣ ጉንጭ ላይ እንዲሆን አደርጋለሁ። ከዚያ የነጠላው ጥለትና ክር መታየቱን አረጋግጣለሁ። ነጠላው ባዶ ነጭ ከሆነ ትንሽ እቀንሳለሁ። በሮው ፋይል (ካሜራው የያዘውን ብርሃን ሳያሳንስ በሚያስቀምጥ ፋይል) ስለማነሳ ፊቱን በኋላ ትንሽ ማፍካት ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ዋርካ ነው። በሐይቁ ዳር የቆሙት ትልልቅ ዋርካዎች ጥላቸው ሰፊ ነው። ከሥራቸው የተቀመጠ ሰው ከላይ ጥላ አለው፤ ከፊቱ ደግሞ በሰሜን በኩል የተከፈተ ሰፊ ሰማይ አለው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሥራ ክፍላቸው መስኮት ወደ ሰሜን እንዲሆን ይመርጡ ነበር፤ ከዚያ የሚገባው ብርሃን ለስላሳና ብዙም የማይለዋወጥ ስለሆነ። ባሕር ዳር ላይ ይህ መስኮት በነፃ ተሰጥቶናል። ሰውየው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል፤ እኔ ጀርባዬን ለውኃው እሰጣለሁ። በቃ። የሚያብረቀርቀው ነገር ከምስሉ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ ያለው ቡናማ፣ ቀይ፣ ጠይም ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ሊስትሮውን፣ ጀበና የምታቀርበውን ልጅ፣ ደንበኛ የሚጠብቀውን የባጃጅ ሹፌር፣ ሁሉንም ያነሳሁት እንዲህ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንኳ ዋርካው ሥር ይሠራል። (በነገራችን ላይ የእኛ እውነተኛ እኩለ ቀን 6 ሰዓት አይደለም፤ ወደ 6:30 ይጠጋል። ጥላ ለሚከታተል ሰው ይህች ግማሽ ሰዓት ለውጥ አላት።)

የውኃው ቀለምም የፊቱን ያህል ክብር ይገባዋል። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነፋስ ሲነሳ ደለሉ ይታወካል። ክረምት ላይ ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የገበሬውን አፈር ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ በነሐሴ ሐይቁ ቡናማ ነው። ስልክ ላይ አንድ ነገር ነካ አድርጎ ሰማያዊ ማድረግ ቀላል ነው፤ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ያምራልም። እኔ አላደርገውም። ያ ቡናማ ቀለም ከየተራራው ታጥቦ የመጣ ማሳ ነው። ሰማያዊ ካደረግሁት የሄደውን አፈር ደበቅሁት ማለት ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረምም እንዲሁ ይፈትናል። ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ሲያስጨንቅ ኖሯል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ተጠግተው ሲያነሱት የአትክልት ቦታ ይመስላል። ፎገራ በኩል ሄጄ ሳነሳ አበባውን ብቻ የያዘው ምስል ከሁሉም አምሮ ወጣ። ለሰው የማሳየው ግን ሌላውን ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሆኜ ያነሳሁት ነው፤ አረንጓዴው ምንጣፍ፣ መሐሉ ላይ የተያዘች ጀልባ፣ እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው የሚነቅሉ ገበሬዎች አሉበት። አበባው እዚያም ይታያል። የሚታየው ግን ከጉዳቱ ጋር ነው።

ወፎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ፔሊካኖች ዓሣ በሚታረድበት አካባቢ ፍርፋሪ ስለሚጠብቁ በ50 ሚሊሜትርም ይነሳሉ። ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት ትንሿ ዓሣ አዳኝ ወፍ ደግሞ ከመወርወሯ በፊት አየር ላይ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፤ የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/2000 ሴኮንድ አድርጎ ያቺን ቅጽበት መጠበቅ ነው። ረጅም ሌንስ ስለሌለኝ ምስሏ ትንሽ ትሆናለች። ከዙሪያዋ ያለው ደንገል ግን አብሮ ይገባል፤ ደንገሉ ቤቷ ስለሆነ ይህን እወደዋለሁ።

ፎቶዎቹን ማሳተም ስጀምር ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የመረብ ጠጋኙን አባት ፎቶ ከአንድ ፎቶ ቤት ስቀበል ሰውየው ነጥተዋል። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር ተስተካክሎ ጠፍቷል። የፎቶ ቤቱ ልጅ በክፋት አልነበረም ያደረገው፤ ደንበኛ ሁሉ ቀላ ብሎ መውጣት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ማሽኑም ጨለም ያለ ፊት ሲያይ በራሱ ያነጣል። ያን ቀን አብረን ቁጭ አልን። «ራስ-ሰር ማስተካከያውን አጥፋው» አልኩት። አጠፋው፤ እንደገና አተመው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየን። እሱም ሁለተኛውን መረጠ።

አሁን ፎቶ ለማሳተም የምትሄዱ ካላችሁ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ማሽኑ ቀለም በራሱ ይቀይራል ወይ? ይቀይራል ካሏችሁ እንዲጠፋ አድርጉ። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትሙና ወደ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ የሱቁ መብራት ያታልላል። ከዚያ የቀረውን አሳትሙ። እኚያ አባት ፎቷቸውን ሲቀበሉ ራቅ አድርገው፣ ጠጋ አድርገው አዩትና፣ «መረቡም የእኔ ነው፤ ይችን ቀዳዳ ያኔ ነው የደፈንኳት» አሉ። ከዚያ የጎረቤታቸውን ታንኳ እንዳነሳ ይዘውኝ ሄዱ።