ፊደል ላልቆጠሩ የተሰጠ ዳዊት

ፒያሳ ውስጥ ጌጣጌጥ እጠግናለሁ። የተበጠሰ ሐብል፣ የጠበበ ቀለበት፣ መቆለፊያው የወለቀ አምባር ሁሉ ይመጣልኛል። ካቶሊክ መሆኔን የሚያውቁ ደግሞ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በተለይ መስከረም ሲጋመስ። የፈረንጆቹ ኦክቶበር በእኛ ዘንድ የመቁጠሪያ ወር ነውና ዓመቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የከረመው ሁሉ ያን ጊዜ ይታወሳል። ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ አይደለም። እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ የምወደው እሱን ነው።

ሥራው በቆጠራ ይጀምራል። የተለመደው ባለ አምስት አሥር መቁጠሪያ 59 ፍሬ አለው፤ 53ቱ ለእመቤታችን ሰላምታ፣ 6ቱ ለአባታችን ሆይ። «አሥር» የምንለው የአሥር ሰላምታ ፍሬዎችን ተርታ ነው። አንድ ከጎደለ ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቦርሳ ሥር ወይም ከኪስ ጥግ ይገኛል። ከዚያ ቀጭኑን ሽቦ በፍሬው ቀዳዳ አሳልፌ ጫፉን በሹል ጉጠት ጠምዝዤ ቀለበት አደርገዋለሁ፤ ቀለበቱ በደንብ ካልገጠመ በሳምንቱ ተመልሶ ይበጠሳል። የእንጨት መቁጠሪያ ሲሆን ደግሞ የባለቤቱን ጸሎት ራሱ ይናገራል። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ያመጡልኝ የወይራ እንጨት መቁጠሪያ ትንንሾቹ ፍሬዎች አልቀው፣ ጠቁረው፣ ለስልሰው ነበር፤ የአባታችን ሆይ ፍሬዎች ላይ ግን የተቀረጸው መስመር ገና አልጠፋም። በብዙ ሰው መቁጠሪያ ላይ የመጀመሪያው አሥር ከመጨረሻው ይበልጥ ያለቀ ነው፤ ጀምሮ መተው የሁላችንም ጠባይ ነው። የእኚህ እናት ግን አምስቱም አሥር እኩል አልቋል። የጀመሩትን ሁሉ ጨርሰዋል ማለት ነው።

አያቴም እንዲሁ ነበረች። ከእምድብር አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ራት ከመቅረቡ በፊት መብራት ኖረም አልኖረም ሁላችንንም ታንበረክከንና ራሷ ትመራለች። አንድም ገጽ አንብባ አታውቅም፤ የጌታን ሕይወት ግን ከብሥራቱ እስከ ዕርገቱ በቅደም ተከተል ታውቀው ነበር። በየአሥሩ ከጌታና ከእናቱ ሕይወት አንድ ነገር ይታሰባል፤ ምሥጢር እንለዋለን። ሰኞ የደስታውን ምሥጢር ስትጀምር የነበራት ድምፅ ማክሰኞና ዓርብ፣ የሕማማቱ ዕለት፣ ይለወጣል። ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ሲወጣ ስትደርስ ማንም ከልጆቹ አይንቀሳቀስም። ወንጌል ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት የተማርኩት ከእሷ የሰማሁትን ማረጋገጫ ብቻ ነበር።

የጸሎቱ ታሪክም የሚጀምረው ከእንደዚህ ያሉ ሰዎች ነው። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ገዳማት መነኮሳቱ 150ውን መዝሙረ ዳዊት በላቲን ይጸልዩ ነበር። በእርሻውና በማዕድ ቤቱ የሚያገለግሉት ወንድሞች ግን ላቲን አያነቡም። ስለዚህ በመዝሙሩ ፈንታ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» እንዲሉ ተደረገ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው በጠጠር፣ በተቋጠረ ገመድ፣ ኋላም በተሰካ ፍሬ ይይዙት ጀመር። ልማዱ ከገዳም ወጥቶ ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ መቁጠሪያ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ነበር፤ በአጥንትና በቀንድ የሚሠሩት፣ በኮራልና በዛጎል የሚሠሩት፣ በአምበር የሚሠሩት ለየብቻ የሙያ ማኅበር ነበራቸው። ይህን ያነበብኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ በጉጠትና በሽቦ የሚተዳደር ሰው ይረዳልኛል።

ቀስ በቀስ የመልአኩ የገብርኤል ሰላምታና የኤልሳቤጥ ምስጋና፣ «አንቺ ከሴቶች መካከል የተባረክሽ ነሽ» የሚለው፣ የአባታችን ሆይን ቦታ ያዘ። 150ው ሰላምታም የእመቤታችን መዝሙረ ዳዊት ተባለ። በአሥር በአሥር ሲከፈል 15 ይሆናል። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የምገረመው የእኛ አባቶችም ዳዊትን የከፈሉት በዚሁ ልክ በመሆኑ ነው። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ዳዊት 15 ንጉሥ ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም የቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ መቁጠሪያችንን የባዕድ ዕቃ አድርጎ ሲያየው ግን ያሳዝነኛል።

ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ትውፊት እመቤታችን እ.ኤ.አ. በ1208 በደቡብ ፈረንሳይ ፕሩዪ በተባለ ስፍራ የዶሚኒካውያን ማኅበር መሥራች ለሆነው ለቅዱስ ዶሚኒክ ተገልጻ መቁጠሪያውን ሰጠችው ይላል። የታሪክ ተመራማሪዎች በቅዱሱ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ አላገኙለትም። ትውፊቱን በሰፊው ያሰራጨው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዶሚኒካዊ መነኩሴ አላን ደ ላ ሮሽ ነው። እኔ ትውፊቱን አልንቀውም፤ ልጆቹ ዶሚኒካውያን ለዚህ ጸሎት ብዙ ደክመዋልና አባታቸው ቢመሰገንበት ያምርበታል። ከሁሉ ይልቅ የማመሰግነው ግን ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀውን ሌላ ዶሚኒክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ትሪር ከተማ አጠገብ በሚገኝ የካርቱዝያን ገዳም የኖረ፣ ዶሚኒክ ዘፕሩሲያ የተባለ መነኩሴ፣ ለ50 ሰላምታዎች 50 አጫጭር ሐረጎች ጻፈላቸው። «ኢየሱስ» ከሚለው ስም ቀጥሎ ከጌታ ሕይወት አንድ ነገር ይነሣል፤ የተወለደው፣ የተጠመቀው፣ የተሰቀለው እየተባለ። ዛሬ ምሥጢራት የምንላቸው ያደጉት ከእንዲህ ዓይነቱ ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። «ቅድስት ማርያም የእግዚአብሔር እናት ሆይ» የሚለው የሰላምታው የልመና ክፍል አሁን ባለው መልኩ በሮም የጸሎት መጽሐፍ የገባው እ.ኤ.አ. በ1568 ነው፤ በማግስቱ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ የጸሎቱን ሥርዓት በሐዋርያዊ ደብዳቤ አጸኑ። በ1571 የካቶሊክ መንግሥታት የኦቶማን ቱርክን መርከቦች ያሸነፉበት የሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ድል ለመቁጠሪያው ጸሎት ተቆጠረ፤ ኦክቶበር 7 የምናከብረው በዓል የመጣው ከዚያ ነው። የጦርነቱ ታሪክ እኔን ብዙም አይስበኝም። ሊዮን 13ኛ ከ1883 ጀምሮ ስለ መቁጠሪያ ደጋግመው ጽፈው ወሩን በሙሉ ለዚህ ጸሎት ሰጡት፤ በ1917 ደግሞ እመቤታችን በፖርቱጋል ፋጢማ ለሦስት እረኛ ሕፃናት በየቀኑ እንዲጸልዩት ነገረቻቸው።

አጠገቤ ባለው ሱቅ የሚሠራ የወንጌላውያን አማኝ ወዳጅ አለኝ። መቁጠሪያ ስጠግን ባየኝ ቁጥር ማቴዎስ 6፥7ን ያነሣብኛል፤ አሕዛብ በከንቱ እንደሚደጋግሙ አትድገሙ የሚለውን። ጥያቄው የቅንነት ነው፤ በቅንነትም እመልስለታለሁ። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደገመ ይላል ያው ማቴዎስ በምዕራፍ 26። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለው መዝሙርም ይህንኑ በ26ቱም ቁጥሮች ይመልሰዋል። የተከለከለው ከንቱነቱ እንጂ መደጋገሙ አይደለም። ይህን ስል ግን የወዳጄን ማስጠንቀቂያ ወደ ጎን አልጥለውም። መቁጠሪያን ለመጨረስ ብቻ የሚሮጡበት ሰዎች አሉ፤ ቃሉ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ አንዱም አይሰማም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1974 አስተንትኖ የሌለው መቁጠሪያ ነፍስ የሌለው ሥጋ ነው ሲሉ የጻፉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ አስተንትኖው እንዴት ይሆናል? ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይገባዋል። ከበሮው በአንድ ምት ሲሄድ ልብ ምቱን አይቆጥርም፤ በምቱ ላይ ተደላድሎ ዜማውን ይከተላል። ሰላምታውም እንደዚያ ነው። አፍ በታወቀ ቃል ይያዛል፣ እጅ በፍሬው ይያዛል፤ ልብ ግን ቤተልሔም ሊውል ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካልተያዝኩ በቀር ሐሳቤ የት የት እንደሚዞር አውቀዋለሁ፤ የሱቅ ኪራይ፣ የደንበኛ ቀጠሮ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ። ጸሎቱ ይህን ሁሉ አያጠፋውም። ግን ቦታ ያስይዘዋል፤ ኪራዩን ይዤ ወደ ቃና ሰርግ እገባለሁ፤ እዚያ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» የምትል እናት አለች።

አባቴ በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አጠገቡ ሆኜ በራሴ ቃል መጸለይ አቃተኝ። እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደምለምነው እንኳን አላውቅም፤ ይዳን ልበል፣ ይረፍ ልበል? የወጣልኝ ከአያቴ አፍ የወረስኩት ቃል ነው፦ «ለእኛ ለኃጢአተኞች አሁንም በሞታችንም ጊዜ ለምኚልን።» ስንት ዓመት ስለው ኖሬ «አሁን» እና «የሞት ጊዜ» አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያን ሌሊት ነው ያየሁት። አባቴ ድምፅ አልነበረውም። መቁጠሪያውን መዳፉ ላይ ሳደርግለት ግን አውራ ጣቱ ፍሬውን ይገፋል፤ እኔ አንድ ሰላምታ ስጨርስ እሱ አንድ ፍሬ ያልፋል። ቅድስት በርናዴት እ.ኤ.አ. በ1858 በፈረንሳይ በሉርድ ዋሻ ስላየችው ስትመሰክር፣ እመቤታችን የመቁጠሪያዋን ፍሬ በጣቷ ታሳልፍ እንደነበር፣ ከንፈሯ ግን ሰላምታው ሲባል እንዳልተንቀሳቀሰ፣ «ክብር ለአብ» ሲባል ብቻ አብራ እንዳለች ተናግራለች። ይህን ካስታወስኩ ወዲህ ድምፅ የሌለው ጸሎት ጎደሎ ነው ብዬ አላስብም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አምስት የብርሃን ምሥጢራት ሲጨምሩ ከእኛም መካከል ቅር ያላቸው ነበሩ። 150 ሆኖ ከዳዊት ጋር የሚስማማው ቁጥር 200 ሆነ፤ ዳዊት ፈረሰ አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ እኔም ያንን 15 እወደዋለሁ። ነገር ግን ሐሙስ ሐሙስ የምንጸልያቸውን እነዚህን ምሥጢራት እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው፦ የጌታ ጥምቀት በዮርዳኖስ፣ የቃና ሰርግ፣ የመንግሥቱ ስብከት፣ በታቦር ተራራ መልኩ መለወጡ፣ የቅዱስ ቁርባን መመሥረት። ጥምቀትን ጃንሜዳ የሚያድር፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላን የሚያከብር፣ ለደብረ ታቦር ሙልሙል የሚጋግር ሕዝብ ሌላ ምን ምሥጢር ይቅረበው? ሌላው ዓለም በ2002 የተጨመረለትን እኛ በአደባባይ ስንዘፍነው ኖረናል።

በበላዬ በኩል የሚኖሩ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ጎረቤቴ ደግሞ ክሩ የሳሳ መቁጠሪያቸውን አምጥተውልኝ ነበር፤ ባለ 64 ፍሬ፣ በእመቤታችን ዕድሜ ልክ። ባለ 41ም ቤት አላቸው፤ በእሱ ኪርያላይሶን ይሉበታል።

«የእናንተስ ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«59 ነው እማማ።»

«ምነው? ከእመቤታችን ዕድሜ አጎደላችሁባት?»

ስለ አምስቱ አሥሮች፣ በየአሥሩ ስለሚታሰበው ምሥጢር አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ስደቷንስ የምታስቡት በየትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በ20ዎቹ ምሥጢራት ውስጥ የግብጽ ስደት ለብቻው የለም። እሳቸው የሚያውቁት የጽጌን ወራት ነው፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ቁስቋም ድረስ ሕፃኑን ይዛ የተሰደደችውን እናት ሊቃውንቱ በአበባ እየመሰሉ ማኅሌት ሲቆሙላት ያድራሉ፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ የሚመጣው ድምፅ እኛ ሠፈር ይደርሳል። የእኛ የመቁጠሪያ በዓል መስከረም 27 ላይ ሲውል ጽጌ በገባ ማግስት ነው። በምዕራቡ ዓለም እያንዳንዱን ሰላምታ እንደ ጽጌረዳ ቆጥረው አክሊል ይጎነጉኑላታል፤ የእኛ ሊቃውንት በዚያው ሰሞን በመስኩ አበባ ያመሰግኗታል። ጎረቤቴ ከጠየቁኝ ወዲህ በዚያ ወራት አራተኛውን የደስታ ምሥጢር፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የተወሰደበትን፣ ስጸልይ ስምዖን ስለ ሰይፉ የነገራትን አነሣና ስደቷንም አብሬ አስባለሁ። ሥርዓቱ አይከለክልም።

ክሩን ቀይሬላቸው ወሰዱ። እኔም ልጀምር ይሆን የሚል ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ። ልደታ ለማርያም ካቶሊክ ካቴድራል ለቅዳሴ ስሄድ ቀደም ብዬ ደርሼ ከኋላ ወንበር ላይ አምስቱን አሥር እጸልያለሁ፤ ለጀማሪ ግን አምስቱን አልመክርም። አንድ አሥር ይበቃል። ሰኞ ይሁን፤ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ከቁጥር 26 እስከ 38 ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ አንድ አባታችን ሆይ፣ አሥር ሰላምታ፣ አንድ ክብር ለአብ። ሐሳባችሁ መሐል ላይ ከሸሸ መልሳችሁ ወደ ናዝሬት አምጡትና ከቆማችሁበት ፍሬ ቀጥሉ፤ እንደገና ከአንድ መጀመር አያስፈልግም።