መስመር ተከታይ ሮቦት ሲንገዳገድ መጀመሪያ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንሡ

ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች ውድድር የሠራነው መስመር ተከታይ ሮቦት (ወለል ላይ ያለ ጥቁር መስመር እያየ ራሱን የሚነዳ) አርዱዊኖ ኡኖ (ኮዱን የሚያስኬድ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ)፣ ኤል298ኤን የሞተር ድራይቨር (በአርዱዊኖው ትእዛዝ ለሞተሮቹ ኃይል የሚሰጥ ቦርድ)፣ ሁለት ባለ ጊር ሞተር፣ አምስት ቲሲአርቲ5000 ሴንሰር (ኢንፍራሬድ የተባለ የማይታይ ብርሃን ልኮ ከወለሉ የሚመለሰውን የሚያነብ)ና ሁለት 18650 የሚባል ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ባትሪ ነበረው። ችግር ሲመጣ ሁሉም ሰው ኮዱን ይከፍታል። እኛ ግን ብዙውን ጥፋት ያገኘነው ባትሪውና ብርሃኑ ላይ ነው።

ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ፣ ሙሉ ቻርጅ ላይ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ። ከዚያ ላይ ድራይቨሩ ወደ 2 ቮልት ይበላል። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፤ አርዱዊኖው 5 ቮልቱን ከድራይቨሩ የሚያገኝ ከሆነ ያኔ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀምራል። ሮቦቱ ሄድ ብሎ ቀጥ፣ ደግሞ ሄድ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራልና ማታ ቤት ውስጥ የሮጠው ሮቦት ጠዋት እምቢ ይላል።

መፍትሔው፦ ለአርዱዊኖው ለብቻው ቮልት አውራጅ ሞጁል ሰጠነው፤ ከማገናኘታችን በፊት በቴስተር እያየን 5 ቮልት ላይ አስተካከልነው። ድራይቨሩ መግቢያ ላይ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቮልቱ ለቅጽበት ሲወርድ የሚደግፍ የቻርጅ ማጠራቀሚያ) አስገባን፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። የሁሉም ግራውንድ (የኔጋቲቭ መስመር) አንድ ላይ ካልታሰረ ድራይቨሩ ትእዛዝ አይሰማም። ባትሪዎቹን ተራችን እስኪደርስ በፕላስቲክ መያዣቸው ከጃኬት ሥር አቆየናቸው።

መስመሩ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ናስትሮ ነው። ሴንሰሮቹን በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት ደረደርናቸው፣ ከወለሉም 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግናቸው። ክፍተቱ ከናስትሮው ከሰፋ መስመሩ በመካከል ይሰወራል። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ስላላት፣ በመስኮት የገባ ጨረር ጥቁሩን ነጭ አስመስሎ ያስነብባል። ከጫማ ካርቶን ቆርጠን፣ በጥቁር ናስትሮ ሸፍነን፣ የሴንሰሮቹን ዙሪያ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከለልነው። የጥቁርና የነጭ መለኪያ ቁጥሮቹን የወሰድነውም ውድድሩ ሜዳ ላይ እንጂ ቤት አይደለም።

ኮዱ ላይ ኬፒን (ሮቦቱ ከመስመሩ በራቀ ልክ ምን ያህል እንደሚታረም የሚወስነውን ቁጥር) ሮቦቱ መወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ ከፍ አድርገን፣ ኬዲን (ርቀቱ በሚለዋወጥበት ፍጥነት ልክ የሚያርመውን) ጨምረን አረጋጋነው። ኬአይን (የተጠራቀመ ስሕተት የሚያርመውን) ዜሮ ተውነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ቀን ወሰደብን፦ በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት በየዙሩ 25 ፊደል ወደ ኮምፒውተር መላክ ወደ 26 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ሮቦት በዚያ ጊዜ 1.3 ሴንቲ ሜትር ሳያይ ይነዳል። ለውድድሩ ያን ትእዛዝ ከኮዱ አወጣነው።