ኦስተርታግ፣ መንጋጋና ቅርጫ

ስጋ መርማሪ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፣ "ታዲያ አንተ ጥሬ ትበላለህ?" አዎ እበላለሁ፣ ወሎ ተወልጄ እንዴት አልበላም፣ ግን መንጋጋው ሲቀደድ ካየሁት በሬ ብቻ። መንጋጋና ጥሬ ስጋን ምን አገናኛቸው ለምትሉ ዛሬ ስለ አንድ ጀርመናዊ የእንስሳት ሐኪም ልጻፍ። እኛ ሙያው ውስጥ ያለነው እንኳ ስሙን የምናውቀው በትል ነው፣ ኦስተርታጊያ በምትባል የከብት አራተኛ ሆድ ውስጥ በምትኖር ቀጭን ቡናማ ትል። ሰውየው ግን ከትሏ በጣም የበለጠ ስራ ሰርቶ ነው ያለፈው።

ሮበርት ፎን ኦስተርታግ ይባላል፣ በ1864 ደቡብ ጀርመን ሽቬቢሽ ግሙንድ የምትባል ከተማ ተወለደ (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በ1940 ሞተ። ትልቁን የስጋ ምርመራ መጽሐፉን ያወጣው በ1892 ነው። 1892 እኛ ጋር ምን እንደነበር አስቡት እስቲ፣ ክፉ ቀን! በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የሚባል የከብት ወረርሽኝ ከብቱን ጠራርጎት፣ ገበሬው በሬ አጥቶ በዶማ የሚቆፍርበት ጊዜ። እኛ የሚታረድ ከብት ባጣንበት ሰአት ሰውየው ጀርመን ቁጭ ብሎ የታረደ ከብት የቱ ጋ መቀደድ እንዳለበት ይጽፋል።

ምርመራን እሱ ፈጠረው ማለቴ አይደለም። ከሱ በፊትም በ1865 ሄደርስሌበን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ትል ያለበት የአሳማ ስጋ 337 ሰው አሳምሞ ከነሱ 101 ሰው ገድሎ አገሩ ደንግጦ ነበር፣ የበርሊን ትልቁ ቄራም በ1881 ተከፍቷል። ግን ያኔ ሁሉም እንደየከተማው ነበር፣ አንዱ ጋ ይመረመራል አንዱ ጋ አይመረመርም። ኦስተርታግ ያደረገው ነገርዬውን ሳይንስ ማድረግ ነው፣ የትኛው ንፍፊት ይሰነጠቃል፣ ጉበቱ ላይ ይሄ ከታየ ምን ይደረጋል፣ ሳንባው ላይ ቲቢ ካለ ስጋው በሙሉ ይወገዳል ወይስ በከፊል ምናምን። በ1900 የጀርመን የስጋ ምርመራ ህግ ሲወጣ ከብት ከመታረዱ በፊት በቁሙ ከታረደም በኋላ ይታይ አለ፣ እኛም ዛሬ ቄራ ውስጥ የምንሰራው እሱኑ ነው። ወተት ላይም ብዙ ሰርቷል፣ እሱን ሌላ ቀን።

አሁን ወደ መንጋጋው። ኮሶን የማያውቅ ሀበሻ የለም፣ ግን ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ ብዙ ሰው "ከጥሬ ስጋ" ብሎ ያቆማል። እሺ ስጋው ውስጥስ ማን አስገባው? እኛው ነን። የኮሶ ትል አድጎ የሚኖረው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው እንቁላሉን ሳሩ ላይ ይጥላል፣ በሬው ይግጠዋል፣ ከዛ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በደም ተጉዞ ብዙ የሚሰራ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ የሩዝ ፍሬ የምታክል ውሃ የቋጠረች ፊኛ ይሆናል። በሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያመሰኳ ስለሚውል የመንጋጋ ጡንቻው አያርፍም፣ ልብም አያርፍም፣ ምላስም፣ ለዛ ነው መጀመሪያ እነሱን የምንቀድደው። ግን ቢላዋችን ያላረፈበት ቦታ ያለችው ፊኛ ታመልጠናለች፣ ስጋው የቄራ ማህተም አለው ማለት መቶ በመቶ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ እሱን ልዋሻችሁ አልችልም።

እኔ ሰውየውን የምወድበት ምክንያት ግን ቢላዋው አይደለም፣ የገንዘብ ነገር ስለገባው ነው። ስጋን ያልፋል አያልፍም ብሎ ለሁለት ብቻ አልከፈለውም፣ መሀል ላይ "በሁኔታ የሚበላ" የሚል ደረጃ ነበር። ጥቂት ፊኛ የተገኘበት በሬ 21 ቀን ቀዝቃዛ ቤት ይቀመጥና ይለቀቅ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ተቀቅሎ፣ ምን እንደነበረበት ለገዢው ተነግሮት፣ ፍራይባንክ በሚባል ለብቻው በሆነ መደብር በርካሽ ይሸጥ ነበር። መደብሩ ከሱ በፊትም የነበረ የደቡብ ጀርመን ልማድ ነው። ግን ጥቅሙን አስቡት፣ ባለ ከብቱ ሙሉ በሬ እንደማያጣ ካወቀ ከብቱን አይደብቅም፣ ደሀውም ስጋ ያገኛል። እኛ ጋር በሬው ተወገደ ከተባለ ሰውየው የሚያየው የበሬው ዋጋ ሲቃጠል ነው፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ማታ ጓሮ ውስጥ ያርዳል፣ በቃ። በኛ መብራት 21 ቀን ቀዝቃዛ ቤት የሚለውን ለጊዜው እንተወው (ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ከሆነ 10 ቀንም ይበቃዋል፣ ማቀዝቀዣውን ያገኘ ሰው)፣ መቀቀል ግን እኮ እንጨት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የ1900ው ህግ ራሱ አንድ ቀዳዳ ነበረው፣ ለራሱ ቤት የሚያርድ ሰው ከብቱ የታመመ ካልመሰለ ከምርመራ ነጻ ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ ቅርጫ ነው ትዝ ያለኝ። ደሴም በሉት ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም በሉት ወረኢሉ፣ በበአል ጊዜ ስጋው የሚመጣው ከልኳንዳ ሳይሆን ከሰፈር ቅርጫ ነው፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ተገዝቶ የመጣ በሬ ዛፍ ስር ይጣላል፣ መደብ በመደብ ይካፈላል፣ ከመካፈሉ በፊት ጉበቱና ጨጓራው አልቋል። ማን መንጋጋ ይቀድዳል? ፋሲካም ይሁን አረፋ ያው ነው። ወሎ ላይ እስላምና ክርስቲያኑ በሰርግ በለቅሶ አንድ ነው፣ እርድ ላይ ብቻ ነው የምንለያየው፣ ቄራውም ልኳንዳውም ሁለት ነው፣ የኮሶ እጭ ግን በሁለቱም በኩል አንድ አይነት መንጋጋ ውስጥ ነው የማገኛት።

ሰሞኑን ይሄን የፍራይባንክ ነገር ለአንድ አዛውንት ባለ ልኳንዳ አወራሁላቸው፣ ሸህ ናቸው፣ ቢላዋ የያዙት እኔ ሳልወለድ ነው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ ዝም ብለው አዳመጡኝና "ተቀቅሎ ነው ያልከው?" አሉኝ። አዎ ሸህ፣ ተቀቅሎ። "እንግዲህ ኮሶ ያለበት ነው ብለህ ለጥፈህ በኔ ሱቅ ወላሂ ማንም አይገዛህም፣ ግን የሚቀቅለው ቄራው ራሱ ከሆነ፣ ማህተሙም ለብቻው ሌላ ቀለም ከሆነ፣ ለተማሪ ቤት ሾርባ የሚወስድ አይጠፋም። ዋጋውን ማን ይቆርጣል ግን?" ይሄኛውን እኔም አላሰብኩበትም ነበር። "እሱን አጣርተህ ና፣ አብሽር" ብለው ወደ ቢላዋቸው ተመለሱ።