አረንጓዴ የወጣው ጥቁርና ነጭ ፎቶ

ለገጣፎ ባለች አንዲት ማተሚያ ክፍል 24 የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎች በጥቁርና ነጭ፣ በኤ3 መጠን ታዘዙ። አዛዧ እናት የአባታቸውን አልበም ይዘው ነበርና «ልክ እንደዚህ ሞቅ ይበልልኝ ልጄ፣ የእናቴ ነጠላ በረዶ እንዳይመስልብኝ» አሉ። «እሺ እማማ» ተባሉ። ሥራው በዚያው ማታ አለቀ፤ ጠረጴዛው ላይ ባለው ቢጫ አምፖል ሥር ሲታይም ያማረ ነበር። ጠዋት መስኮት አጠገብ ሲዘረጋ ግን መካከለኛው ግራጫ ወደ አረንጓዴ አድልቷል፤ ነጠላው ሰማያዊ ሆኗል። 24ቱም እንደገና መታተም ነበረባቸው።

ማተሚያው በሚሞሉ ካርትሬጆች ነው የሚሠራው። አንዱ ሙሉ የካርበን ጥቁር፣ ሦስቱ ከዚያው ጥቁር የቀጠኑ ግራጫዎች ናቸው፤ በቀሩት ቦታዎች ሲያን (አረንጓዴ ያለበት ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወይን ጠጅ ያለበት ቀይ) እና ቢጫ ተሞልተዋል። የሚታዘዘው በኳድቶን ሪፕ ነው፤ ይህ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስን ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር የካርበን ጠባይ ነው። ካርበን ወፍሮ ሲያርፍ ጥቁር ነው፣ ሲሳሳ ግን ቡናማ ይሆናል። ደቃቅ ቅንጣቱ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ስለሚውጥ፣ ወደ ዓይን የሚመለሰው ሞቅ ያለው ነው። የጀበና ጥላሸት በጣት ተነክቶ ነጭ ወረቀት ላይ ሲሳሳ ይኸው ይታያል። እናም ሞቅታው ከውጭ የሚጨመር ሳይሆን ቀለሙ ራሱ ይዞት የሚመጣ ነው።

ከርቭ ማለት ለየጥቁረቱ ደረጃ የትኛው ቀለም ስንት እንደሚረጭ ለሶፍትዌሩ የሚነግር ቅንብር ነው። «ገለልተኛ» የሚባለው ከርቭ ደግሞ ይህንን ቡናማነት ለመግደል ሲያን ይጨምራል። ያን ማታ የተሠራው ስህተት ይህን ከርቭ እንዳለ ትቶ በላዩ ላይ ቢጫ መጨመር ነው። ሲያኑ ከቢጫው ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴ ሆነ። የ50 በመቶው ናሙና በስፔክትሮፎቶሜትር (ቀለምን በቁጥር በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ቢ 6 አካባቢ፣ ኤ ደግሞ ከ0 በታች ወደ 2.5 ወርዶ ተገኘ። ቢ ከ0 ሲበልጥ ወደ ቢጫ፣ ኤ ከ0 ሲያንስ ወደ አረንጓዴ ማለት ነው። ቀይ የሚበዛበት አምፖል አረንጓዴውን ሸፍኖት ስለነበር ማታ ማንም አላየውም። ሌላም ጉዳት አለው፦ ባለቀለም ፒግመንት (ለቀለሙ መልክ የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት) ብርሃንን እንደ ካርበን አይችልም፤ በቢጫ የሞቀ ፎቶ ግድግዳ ላይ ዓመታት ሲቆይ ቢጫው ቀድሞ ይከዳዋል።

የነጠላው ሰማያዊነት ግን ከወረቀቱ ነው የመጣው። ብዙ «እጅግ ነጭ» ወረቀቶች ውስጥ ማንጪያ ኬሚካል አለ፤ የፀሐይን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሱቆች የብር ኖት የሚመረምሩበት መብራት ይበቃል። ክፍሉን አጨልሞ ወረቀቱ ላይ ማብራት ነው። ሰማያዊ ከበራ ማንጪያ አለው፣ ደብዝዞ ከቀረ የለውም። ለሞቀ ፎቶ የሚመረጠው ማንጪያ የሌለው፣ ክሬም የሚያደላ የጥጥ ወረቀት ነው። ነጭ ልብስ፣ ፊትና ሰማይ ላይ ቀለም ስለሚያንስ በእነዚያ ቦታዎች የሚታየው በአብዛኛው ወረቀቱ ነው፤ የትኛውም ከርቭ ያንን አይጠግነውም።

ድጋሚው ሲሠራ መጀመሪያ ወረቀቱ ተቀየረ። ቀጥሎ ሲያን ወደ 0 ወረደ፣ ቢጫውም ወጣ፣ ካርበን ብቻ ቀረ። ሲያን ሲነሳ የጥቁረቱ መጠን ስለሚቀየር፣ ወረቀቱም ቀለም የሚጠጣበት መጠን ስለሚለያይ፣ ከ0 እስከ 100 በየ5 በመቶው 21 ናሙና ታትሞ ከርቩ እንደገና ተስተካከለ። ናሙናው ከመለካቱ በፊት 24 ሰዓት ደርቋል። ይህን መጠበቅ የሚያናድድ ቢሆንም እርጥብ ቀለም ይዋሻል፤ ሲደርቅ ጥላው ውስጥ ያለው ልዩነት ይጠብባል። በማት (በማያብረቀርቅ) የጥጥ ወረቀት ላይ ጥሩ ጥቁር ኤል 17 አካባቢ ይወጣል (ኤል የንጣት መለኪያ ነው፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ)፤ ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ወይ ቀለሙ አንሷል፣ ወይ የተመረጠው ጥቁር የግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ወረቀት ጥቁር ነው። የካርበኑ ሞቅታ ብቻ ለደንበኛዋ በቃቸው። የበለጠ የሚፈልግ ሰው ማጀንታና ቢጫን አብሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር፤ ኤ ከ0 በታች እስካልወረደ ድረስ አረንጓዴ አይመጣም።

ግራጫዎቹን በቤት የሚያቀጥን ሰው ከሁሉ በላይ ውሃውን ይጠንቀቅ። የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ ካልሲየም ስላለው የካርበኑን ቅንጣቶች ያጓጉላል፤ የጓጎለ ቅንጣት ሞቅታውን ይቀንሳል፣ ኖዝሉንም (ቀለም የሚረጭበትን ቀጭን ቀዳዳ) ይደፍናል። የተጣራ ዲስትልድ ውሃ ብቻውንም አይበቃም፦ መድረቁን የሚያዘገይ ግሊሰሪንና ቀለሙ በኖዝሉ እንዲፈስ የሚረዳ ማርጠቢያ ያስፈልገዋል። ከቀለሙ ጋር የሚሸጠውን ማቅለያ መግዛት ይሻላል። ለ30 በመቶ ግራጫ 70 ሚሊ ሊትር ማቅለያ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ጥቁር ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ አረፋው እንዲጠፋ አንድ ሌሊት ያድራል። ፒግመንት ስለሚዘቅጥ ካርትሬጁ ሳምንት ከቆመ አውጥቶ በቀስታ ማገለባበጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎችና የኋለኞቹ በጥቁረት ይለያያሉ።

መብራት በሥራ መሃል ሲጠፋ ቀለም የሚረጨው የማተሚያው ራስ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ መንገድ ላይ ይቆማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ኖዝሉ ቶሎ ይደርቃል፤ ከግራጫዎቹ አንዱ ከተዘጋ ደግሞ ፊት ላይ ቀጫጭን መስመር ይወጣል። ስለዚህ ማተሚያው ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ መብራት ከተመለሰም ከሁሉ በፊት ኖዝል ቼክ (የተዘጋ ቀዳዳ መኖሩን የሚያሳይ ሙከራ) ይታተም። ዳግም የታተሙት 24 ፎቶዎች የታዩት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ከአልበሙ ጎን ተቀምጠው ነው።